ሜሪላንድ ውስጥ ማንን፣ መቼ እንመርጣለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ሜሪላንድ ለሚኖሩ፣ በተለይም በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ላሉ አማርኛ አንባቢዎች ነው። እገሌን ምረጡ የሚል ነገር እዚህ አያገኙም። የትኛው ወንበር መቼ ለምርጫ እንደሚቀርብ፣ አሁን ማን እንደተቀመጠበትና ያ ወንበር በኑሮዎ ላይ ምን እንደሚወስን ግን ያገኛሉ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ ማን ነው?

ማንም። ሲልቨር ስፕሪንግን ሁላችንም ከተማ ብለን ብንጠራትም በሕግ ከተማ ሆና አልተቋቋመችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤት የላትም፣ የራሷ ፖሊስም የላትም። ዊተን፣ ጀርመንታውንና ቤተስዳም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ሁሉ በቀጥታ የሚያስተዳድረው መቀመጫውን ሮክቪል ያደረገው የሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ከዲሲ ተሻግረው የመጡ ሰዎች በዚህ ግራ ይጋባሉ፤ እዚያ ሁሉም አቤቱታ ወደ ከንቲባዋ ነውና።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ጭማሪን እንውሰድ። ካውንቲው በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ብዙ አከራዮች በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይችሉም። ይህን የወሰነው አናፖሊስ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት አይደለም፤ ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስም አይደለም። የካውንቲው ምክር ቤት ነው። በሌላ በኩል ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጎማዎን ያፈነዳው ጉድጓድ የካውንቲው ሳይሆን የስቴቱ ጣጣ ነው፤ ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የስቴት አውራ ጎዳናዎች ናቸው። ከጎኑ ያለው ትንሽ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው ነው። ማንን መውቀስ እንዳለበት ያላወቀ መራጭ ኖቬምበር ላይ የተሳሳተውን ሰው ይቀጣል።

በ2026 ለምርጫ የሚቀርቡት ወንበሮች የትኞቹ ናቸው?

ከሞላ ጎደል ሁሉም። ሜሪላንድ አብዛኞቹን የስቴትና የካውንቲ ባለሥልጣናት በአንድ ዓመት ጠቅልላ ትመርጣለች። ያ ዓመት በፕሬዚዳንት ምርጫ መካከል ላይ ይውላል፦ 2018፣ 2022፣ 2026፣ 2030። ሰው ሁሉ የሚነቃው ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት ነው፤ ሰፈርዎን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ግን የሚመረጡት በሌላው ነው።

በስቴት ደረጃ አገረ ገዥውና ምክትሉ በአንድ ቲኬት፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እና ኮምፕትሮለሯ ለምርጫ ይቀርባሉ። አሁን በወንበሮቹ ላይ ያሉት በ2022 የተመረጡት ዌስ ሙር፣ ምክትላቸው አሩና ሚለር፣ አንተኒ ብራውን እና ብሩክ ሊርማን ናቸው፤ አራቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ከእነሱ ጋር የስቴቱ ምክር ቤት በሙሉ ማለትም 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች ይመረጣሉ። ሌሎች ብዙ ስቴቶች ከሴናተሮቻቸው ግማሹን በአንድ ጊዜ፣ ግማሹን በሌላ ጊዜ ይመርጣሉ። ሜሪላንድ ሁሉንም በአንድ ቀን መርጣ ለ4 ዓመት ትቀመጣለች። ያ ቀን ካመለጠዎት 4 ዓመት መጠበቅ ነው።

በካውንቲ ደረጃ ኤግዚክዩቲቩ (የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ)፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ ሸሪፉ፣ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግና ሌሎችም ይመረጣሉ። በተጨማሪ 8ቱም የኮንግረስ ተወካዮች በየ2 ዓመቱ ስለሚመረጡ በዚህም ዓመት አሉ።

አጠቃላይ ምርጫው ማክሰኞ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ሴኔተሮቹስ?

በ2026 ሜሪላንድ ውስጥ የፌዴራል ሴኔተር ምርጫ የለም። ክሪስ ቫን ሆለን በ2022 ዳግም ስለተመረጡ ወንበራቸው በ2028 ይቀርባል። በ2024 የተመረጡት አንጄላ ኦልሶብሩክስ ደግሞ እስከ 2030 ምርጫ ይቆያሉ።

ግን ልብ ይበሉ፤ «ሴናተር» የሚል ማዕረግ ያላቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። ሁለቱ ስቴቱን ወክለው በዋሽንግተን ይቀመጣሉ። 47ቱ ደግሞ በአናፖሊስ የስቴቱን ሕግ ያወጣሉ፤ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀናት ይሰበሰባሉ። የእናትዎ ቪዛ ኤምባሲ ውስጥ ከቆመ ወይም የዜግነት ማመልከቻዎ ከተጓተተ የሚጻፈው ለዋሽንግተኖቹ ወይም ለኮንግረስ ተወካይዎ ነው። ቢሮዎቻቸው የሕዝብን ጉዳይ ይዘው መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቁ ሠራተኞች አሏቸው፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ሊጠይቅ ይችላል። የመንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ግብርና የነርስ ፈቃድ ጉዳይ ከሆነ ግን ወደ አናፖሊስ ነው።

አገረ ገዥው ስንት ጊዜ መመረጥ ይችላል?

በተከታታይ ሁለት ጊዜ። በጃንዋሪ 2023 ሥራ የጀመሩት ዌስ ሙር ሜሪላንድ የመረጠቻቸው የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ናቸው፤ በአሜሪካ ታሪክ ደግሞ በምርጫ ወደዚህ ሥልጣን የመጡ ሦስተኛው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን ሁለት ጊዜ ተመርጠው 8 ዓመት ስለሞላቸው መወዳደር አልቻሉም። ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ለኮምፕትሮለርና ለምክር ቤቱ አባላት ግን ገደብ የለም። ሉዊ ጎልድስታይን የሚባሉት ኮምፕትሮለር ከ1959 እስከ 1998 ወንበሩ ላይ ቆይተዋል፤ ሥልጣን ላይ ሙጭጭ ማለት የእኛ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ በየ4 ዓመቱ መራጩን መጠየቃቸው ነው።

ኮምፕትሮለር የሚባለው ሥራ ምንድን ነው?

የስቴቱን ግብር የሚሰበስብ ሰው ነው። የስቴት ታክስ ሪፈንድዎ ሲዘገይ ወይም የንግድዎ ሴልስ ታክስ ላይ ደብዳቤ ሲመጣ ከዚያ ቢሮ ነው። ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ያለው ሰው ይህን ወንበር ከአገረ ገዥው እኩል ቢከታተል አይበዛበትም።

ሌላም ሥልጣን አለው። አገረ ገዥው፣ ኮምፕትሮለሯና የስቴቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ አለ። ትልልቅ የስቴት ኮንትራቶች የሚጸድቁት እዚያ ነው፤ ሦስቱም እኩል ድምፅ አላቸው። የግምጃ ቤት ኃላፊውን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የስቴቱ ምክር ቤት ነው፤ አሁን ዴሪክ ዴቪስ ናቸው።

ስለ ጁን ምርጫ ለምን ይህን ያህል ይወራል? ዋናው ኖቬምበር አይደለም እንዴ?

በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ለአብዛኛው ወንበር ወሳኙ ምርጫ ፕራይመሪው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፓርቲ ለኖቬምበር የሚያቀርበው ዕጩ የሚለይበት የጁኑ ምርጫ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ይያዙ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለቱ ካውንቲዎች ዴሞክራቶች በብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ፣ በጁን የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ አሸናፊ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነው። እውነተኛው ፉክክር ያለቀው ብዙ ሰው ምርጫ መኖሩን እንኳ ሳይሰማ ነው። ቁጥሩን ይመልከቱ። በ2018 የሞንጎመሪ ካውንቲ ኤግዚክዩቲቭ ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ካውንቲ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው በአንድ የልደት ግብዣ ላይ፣ በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ይገኛል። ሁለቱንም ጊዜ ኖቬምበር ላይ ብቻ የወጣ ሰው የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ፕራይመሪው በተወዳዳሪ ብዛትም ይከፋፈላል። ዌስ ሙር በ2022 ፕራይመሪውን ያሸነፉት ከመራጩ አንድ ሦስተኛውን ያህል ይዘው ነው፤ ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር ስለሌለ በቂ ነበር።

በ2026 ተጨማሪ ምክንያት አለ። የሞንጎመሪ መራጮች በ2024 ባጸደቁት ገደብ መሠረት ኤግዚክዩቲቩ ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ ማገልገል ስለማይችል ኤልሪች ለዚህ ወንበር መወዳደር አይችሉም። ወንበሩ ክፍት ነው፤ ክፍት ወንበር ደግሞ ብዙ ተፎካካሪ ይስባል።

ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም መባል አልፈልግም። ፓርቲ ሳልመርጥ ብመዘገብስ?

ይችላሉ፤ መብትዎ ነው። ነገር ግን የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ የዴሞክራቶች ወረቀት የሚሰጠው ለተመዘገቡ ዴሞክራቶች፣ የሪፐብሊካኖቹም ለሪፐብሊካኖች ብቻ ነው። ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ጁን ላይ ቢመጣ የሚያገኘው የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎችን ብቻ የያዘ ወረቀት ነው።

የብዙ ወገኖቻችን ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ፓርቲ ውስጥ መግባት ማለት መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ግምገማ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ጣጣ ነበር። እዚህ ግን ቅጽ ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የሚጠራዎት የለም፣ ኖቬምበር ላይም የፈለጉትን ፓርቲ ሰው መምረጥ ይችላሉ። በአቋሙ ወግ አጥባቂ ሆኖ በካውንቲው ጉዳይ ድምፁ እንዲቆጠር ብሎ ዴሞክራት ሆኖ የሚመዘገብ ሰው አለ፤ ሕጋዊ ነው። አንድ ነገር ግን ላልሸሽግዎ፦ በየትኛው ፓርቲ እንደተመዘገቡ የመራጮች መዝገብ ላይ ይታያል፣ ተወዳዳሪዎችም መዝገቡን ወስደው ደብዳቤ ይልካሉ። ማንን እንደመረጡ ግን ምስጢር ነው።

ፓርቲ መቀየር የሚፈልግ ሰው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት መጨረስ አለበት። በምርጫው ዕለት ሄጄ እቀይራለሁ ማለት አይሠራም። ከዚህ በፊት ጭራሽ ተመዝግቦ የማያውቅ ሰው ግን በዕለቱ ተመዝግቦ ፓርቲውንም መርጦ ድምፅ መስጠት ይችላል። እንግዳ ነገር ነው፤ ነባሩ የማይችለውን አዲሱ ይችላል።

ለካውንቲ ምክር ቤት ስንት ሰው ነው የምመርጠው?

በሞንጎመሪ አምስት። ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት፤ 7ቱ ከየዲስትሪክታቸው፣ 4ቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። ስለዚህ እርስዎ ለራስዎ ዲስትሪክት አንድ፣ ለመላው ካውንቲ እስከ አራት ሰው ይመርጣሉ። በፕሪንስ ጆርጅስም 11 ናቸው፤ 9 በዲስትሪክት፣ 2 ከመላው ካውንቲ። እዚያ ኤግዚክዩቲቯ አይሻ ብሬቭቦይ ናቸው፤ አንጄላ ኦልሶብሩክስ ወደ ሴኔት ሲሄዱ ወንበሩ ስለተከፈተ በ2025 በልዩ ምርጫ ገቡ፣ በ2026 ደግሞ መደበኛው ጊዜ ደርሶ ወንበሩ እንደገና ይቀርባል።

ሸሪፍ፣ ስቴትስ አተርኒ፣ ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ… እነዚህ ሁሉ ምን ይሠራሉ?

ሞንጎመሪ ውስጥ ሸሪፉና ፖሊሱ ይለያያሉ። 911 ሲደወል የሚመጣው ካውንቲው የሚያስተዳድረው ፖሊስ ነው፤ አዛዡ ይሾማል እንጂ አይመረጥም። የሚመረጠው ሸሪፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ነው፤ ተከራይን በፍርድ የማስወጣት ትእዛዝ የሚፈጸመው በሸሪፉ ሰዎች ነው፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ የሚወጣ የጥበቃ ትእዛዝም በእነሱ በኩል ያልፋል።

ስቴትስ አተርኒ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነው። ማን ይከሰስ፣ በምን ይከሰስ፣ የትኛው ወጣት ወደ እስር ከመሄድ ይልቅ ሌላ ዕድል ይሰጠው የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። በእኔ አስተያየት በወረቀቱ ላይ ካሉት ሁሉ ሥልጣኑ ከስሙ በላይ የሆነ ወንበር ይህ ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው አንድ የክስ ዓይነት ከሌላው መለየቱ በአገሩ መቆየትና መባረር ሊሆን ይችላልና።

ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ የኑዛዜና የውርስ መዝገብ ኃላፊ ነው። ሰው ቤት ትቶ ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ቢሮ ነው። ከዚሁ ጋር የሚሠራ «ኦርፋንስ ኮርት» የሚባል ፍርድ ቤት አለ፤ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ብቻ እንዳይመስልዎ፣ የውርስ ክርክር የሚታይበት ነው። በፕሪንስ ጆርጅስ ሦስት ዳኞች ለዚህ ይመረጣሉ፤ በሞንጎመሪ ግን ሥራውን የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ዳኞች ደርበው ይሠሩታል።

ዳኞችም ይመረጣሉ እንዴ?

አዎ፣ በሁለት መንገድ። የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ዳኛን አገረ ገዥው ይሾመዋል፤ ከዚያ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ይወዳደራል፣ ካሸነፈ ለ15 ዓመት ይቀመጣል። እነዚህ ዳኞች በፕራይመሪው በዴሞክራቶቹም በሪፐብሊካኖቹም ወረቀት ላይ ስለሚወጡ ስማቸውን ሁለቱም ጋ ቢያዩ ስሕተት አይደለም። በይግባኝ ፍርድ ቤቶች ያሉት ተፎካካሪ የላቸውም፤ «ይቀጥል ወይስ አይቀጥል» ብቻ ይባላል፣ ዘመናቸው 10 ዓመት ነው። ዳኛ 70 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስሙ «ኮርት ኦፍ አፒልስ» ነበር፤ በ2022 መራጩ ባጸደቀው ለውጥ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆኗል።

የትምህርት ቦርዱስ?

ልጅ ያለው ሰው መዝለል የሌለበት ክፍል ነው፣ ግን ወረቀቱ መጨረሻ አካባቢ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ደክሞት ይተወዋል። የሞንጎመሪ ትምህርት ቦርድ 8 አባላት አሉት። 7ቱ በሕዝብ ለ4 ዓመት ይመረጣሉ፤ ግማሽ ያህሉ በአንዱ ሙሉ ቁጥር ዓመት፣ የቀሩት በሚቀጥለው። ስለዚህ በ2026ም በ2028ም የቦርድ ምርጫ አለ። 8ኛው ተማሪ ነው፤ በተማሪዎች ድምፅ ለአንድ ዓመት ይመረጣል። ልጅዎ ዜጋ ባይሆንም በዚያ ምርጫ ድምፅ አለው።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መምረጥ እችላለሁ?

በፌዴራል፣ በስቴትና በካውንቲ ምርጫ አይችሉም። በስሕተትም ቢሆን መመዝገብ አደገኛ ነው፤ ከአገር መባረርን ሊያስከትል፣ የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክል ይችላል። በሜሪላንድ ኤምቪኤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭነት ምዝገባ አብሮ ይመጣል። ዜጋ ካልሆኑ ማሽኑ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅዎ በግልጽ «አይደለሁም» ይበሉ፤ ያልገባዎትን ነገር አይፈርሙ። ሳያውቁ የመራጭ ካርድ በፖስታ ከደረሰዎት አይጠቀሙበት፤ በጽሑፍ እንዲሰርዙት ይጠይቁና ኮፒውን ያስቀምጡ።

በከተማ ምርጫ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ታኮማ ፓርክ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመንገድ ማዶ ያለችው፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የ16 ዓመት ልጆችም ይመርጣሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ሃያትስቪል፣ ማውንት ሬኒየርና ሪቨርዴል ፓርክም ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች ፈቅደዋል። ምዝገባው የሚደረገው በከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ለብቻው በተያዘ መዝገብ ነው፤ ከስቴቱ መዝገብ ጋር አይደባለቅም፣ እርስዎም እንዳያደባልቁት። ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ቅጽ ስለ ምርጫ የሚጠይቅ ጥያቄ ስላለው በከተማ ምርጫ ድምፅ የሰጠ ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ለጠበቃው ይንገር።

ወሰኑ እንዳያታልልዎት ይጠንቀቁ። ፖስታዎ ላይ «ታኮማ ፓርክ» ስለተጻፈ ብቻ ከከተማዋ ክልል ውስጥ ነዎት ማለት አይደለም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ከተማዋን ይጠይቁ።

ዜግነት አገኘሁ። አሁንስ?

መሐላውን ከፈጸሙ በኋላ መመዝገብ ይችላሉ። ለኖቬምበር 3 ምርጫ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ለመመዝገብ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 13 ነው። ቀኑ ካለፈ በቀደምት ምርጫ ቀናት ወይም በዕለቱ፣ አድራሻዎን የሚያሳይ ሰነድ ይዘው ምርጫ ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላሉ፤ መንጃ ፈቃድ፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ወረቀት ወይም የደመወዝ ደረሰኝ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ከዜግነት በኋላ ቢጫ ካርድ ስላለኝ አገር ቤት እመርጣለሁ ብሎ ያስባል። አይመርጡም፤ ቢጫ ካርዱ ብዙ መብት ቢሰጥም የመምረጥና የመመረጥ መብትን አይጨምርም። ያለዎት ድምፅ የእዚህኛው ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ትችላለች?

ዜጋ ከሆነችና እስከ አጠቃላይ ምርጫው ቀን 18 የሚሞላት ከሆነ በ17 ዓመቷ በፕራይመሪው መምረጥ ትችላለች። መመዝገብ የሚቻለው ደግሞ ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው።

እናቴ ዜጋ ናት፣ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።

በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ የድምፅ መስጫው የሚታተመው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ነገር ግን የፌዴራሉ ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አሠሪዋ፣ የአሠሪዋ ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ሰው ግን መሆን አይችልም። ረዳቱ አንድ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ማንም ከሌላት ከሁለት የተለያዩ ፓርቲዎች የሆኑ የምርጫ ሠራተኞች አብረው ይረዷታል። «ብቻዋን ካልሆነች አይቻልም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ በትሕትና ግን ሳትመለሱ የጣቢያውን ኃላፊ ጥሩ።

አንድ ምክር፦ ናሙናውን ወረቀት ቤት ውስጥ አስቀድመው አብረው ያንብቡ። ይህ የሜሪላንድ ወረቀት ረጅም ነው፤ ከሰዎቹ በተጨማሪ ሕዝብ የሚወስንባቸው ጥያቄዎችም ይኖሩበታል። የሞንጎመሪን ምክር ቤት ከ9 ወደ 11 ያሳደገው በ2020 እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር፤ የኤግዚክዩቲቩን የሁለት ጊዜ ገደብ ያመጣውም በ2024 እንዲሁ።

ከጠዋት እስከ ማታ እሠራለሁ። መቼ ልሂድ?

በምርጫው ዕለት ጣቢያዎች በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8 ክፍት ናቸው፤ 8 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው አይባረርም። ቀደምት ምርጫው ከኦክቶበር 22 እስከ 29 ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ስለሚጨምርና በካውንቲዎ ውስጥ በየትኛውም የቀደምት ምርጫ ጣቢያ መሄድ ስለሚቻል ለሆስፒታልና ለፓርኪንግ ሠራተኛ የሚመቸው እሱ ነው። ተቀጣሪ የሆነ ሰው ጣቢያዎቹ ክፍት በሆኑበት ጊዜ ከሥራ ውጭ ሁለት ተከታታይ ሰዓት ከሌለው አሠሪው እስከ ሁለት ሰዓት የሚከፈልበት ጊዜ እንዲሰጠው የስቴቱ ሕግ ያዛል፤ መምረጥዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይመለሱ። ኡበር የሚነዳ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም።

በፖስታ መምረጥም ይቻላል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ወረቀቱን በፖስታ ከመመለስ ይልቅ ካውንቲው ባስቀመጠው የድምፅ ሳጥን ውስጥ እስከ ምርጫው ዕለት ምሽት 8 ሰዓት ድረስ ቢከቱት ይሻላል። ፖስታው ላይ መፈረም አይርሱ።

የተመረጠው ሰው በመሀል ቢለቅ ማን ይተካዋል?

ለስቴቱ ሴናተርና ዴሌጌት ከሆነ የፓርቲው የአካባቢ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ አገረ ገዥው ይሾማል። አናፖሊስ ካሉት አባላት ጥቂት የማይባሉት መጀመሪያ የገቡት በዚህ በር ነው። የማዕከላዊ ኮሚቴውን አባላት ማን እንደሚመርጣቸው ቢጠይቁ፦ እርስዎ። በፕራይመሪው ወረቀት ላይ ማንም የማያውቃቸው ረጅም የስም ዝርዝር አለ፤ እነሱ ናቸው። ባዶውን የሚተወው ሰው ብዙ ስለሆነ ጥቂት የተደራጁ ሰዎች አንድን ሰው እዚያ ማስገባት አይከብዳቸውም፤ የሐበሻ ስም በዚያ ዝርዝር ላይ ለማየት የሚመኝ ካለ ትንሿ በር ይህች ናት።

ባልቲሞርና ሌሎቹ ከተሞችም በ2026 ይመርጣሉ?

የባልቲሞር ነዋሪ ለስቴቱ ወንበሮች በ2026 ይመርጣል፤ ከንቲባውና የከተማው ምክር ቤት ግን ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር ነው የሚሄዱት። ብራንደን ስኮት በ2024 ዳግም ተመርጠዋል፣ ቀጣዩ 2028 ነው። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ደግሞ የከተማ ምርጫቸውን የሚያደርጉት በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው። ሮክቪል በ2023 መርጣለች፣ ተራዋ በ2027 ይመጣል። ሮክቪል የሚኖር ሰው እንግዲህ በ2026 ለካውንቲውና ለስቴቱ፣ በ2027 ለከተማው፣ በ2028 ለፕሬዚዳንቱ ይወጣል ማለት ነው። ታኮማ ፓርክ ቀድሞ በጎዶሎ ዓመት ነበረች፤ አሁን ግን በሙሉ ቁጥር ዓመት፣ ከአጠቃላይ ምርጫው ጋር በኖቬምበር ትመርጣለች።

ከ2026 በኋላ የሚቀጥለው መቼ ነው?

በኖቬምበር 2028 ፕሬዚዳንቱ፣ የቫን ሆለን የሴኔት ወንበር፣ 8ቱ የኮንግረስ ተወካዮች፣ ከትምህርት ቦርዱ የቀሩት ወንበሮችና የባልቲሞር ከተማ ባለሥልጣናት ይቀርባሉ፤ የዚያ ዓመት ፕራይመሪ ከጁን ይቀድማል፣ በ2024 በሜይ ነበር። አገረ ገዥው፣ ኮምፕትሮለሩ፣ የካውንቲው ምክር ቤትና ሸሪፉ በ2028 ወረቀት ላይ አይኖሩም። እነሱን እንደገና የሚያገኟቸው በ2030 ነው፤ የኦልሶብሩክስ ወንበርም በዚያው ዓመት ይደርሳል። ከዚያ በፊት ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን በምርጫ ቦርዱ ዘንድ ያስለውጡ፤ ከታኮማ ፓርክ ወደ ጀርመንታውን የሄደ ሰው የካውንቲ ምክር ቤት ዲስትሪክቱ፣ ሴናተሩም ዴሌጌቶቹም ሌላ ይሆናሉ።